ትምህርቶች ወንፈል ሲገቡ

በጨፋ ሸለቆ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ማሳው ላይ ቆሞ ስንት ነገር ያስባል? ዘሩ ይበቅል እንደሆነ ያስባል። ማሳው ስንት ጣሳ ዘር እንደሚፈጅ ያሰላል። ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ሰማዩን ያያል። ለአረሙ ከጎረቤቱ ጋር ወንፈል ለመግባት ይነጋገራል። ይህን ሁሉ በአንድ ማሳ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ያስባል። «አሁን የሒሳብ ሰዓት ነው፤ አሁን የሳይንስ ሰዓት ነው» አይልም።

በትምህርት ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደወል ሲደወል ሒሳብ ይገባል። ሌላ ደወል ሲደወል ሒሳብ ይወጣና ቋንቋ ይገባል። ልጁ በሒሳብ የተማረውን ወደ ሳይንስ አያሻግረውም። የተማረውንም ከማሳው ጋር ማያያዝ ይቸግረዋል። አባትየው ደብተሩን አይቶ «ታዲያ ይሄ ለእኔ ምን ይረባኛል?» ይላል። የወፍ ጥበቃ ወራት ሲደርስ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረዋል። ለሁለት ሳምንት ብሎ የቀረ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሊቀር ይችላል።

እንዲህ እንዳይሆን ምን ይደረግ? በዚህ ትምህርት የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

ሥርዓተ ትምህርት ምንድን ነው?

ልጆች ምን እንደሚማሩ፣ በምን ተራ እንደሚማሩና እንዴት እንደሚማሩ የሚወስነው ዕቅድ ሥርዓተ ትምህርት ይባላል። ገበሬ ከመዝራቱ በፊት የትኛው ማሳ ምን እንደሚዘራበት እንደሚያቅድ ሁሉ፣ ትምህርት ቤትም ያቅዳል።

የአገራችን ሥርዓተ ትምህርት ትምህርቶችን ማቀራረብ ከጀመረ ቆይቷል። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀመሩ። በታችኞቹ ክፍሎችም የአካባቢ ሳይንስ የሚባል ትምህርት ገባ። ይህ ትምህርት ስለ ዕፅዋት፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ጤናና ስለ ኅብረተሰብ በአንድነት ያስተምራል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን 6 ዓመት አደረገው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብም ራሱን ችሎ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ይሰጣል።

እንግዲህ የሚቀረው አንድ ትልቅ ሥራ ነው። በመጽሐፍ ያለውን ትምህርት ከማሽላው፣ ከከብቱና ከወንዙ ጋር ማገናኘት ነው። አንዱ መንገድ ልጆች አንድ ሥራ ይዘው፣ በዚያ ሥራ ብዙ ትምህርቶችን እንዲማሩ ማድረግ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ፕሮጀክት ይባላል። ገበሬዎች ወንፈል እንደሚገቡ ሁሉ ትምህርቶችም በአንድ ሥራ ላይ ይተጋገዛሉ።

መቶ ዘር በእርጥብ ጨርቅ

እስቲ አንድ ምሳሌ እንይ። የ4ኛ ክፍል ልጆች የማሽላ ዘር ይፈትሻሉ እንበል።

ልጆቹ ከየቤታቸው ለዘር ከተቀመጠው ማሽላ ጥቂት ይዘው ይመጣሉ። መድኃኒት የተቀባ ዘር ግን በልጅ እጅ መነካት የለበትም። ዘሩን ሲያመጡ ከጆንያው ከላይም፣ ከመሐልም፣ ከታችም ይወስዳሉ። ከዚያ ሳይመርጡ 100 ፍሬ ይቆጥራሉ። ፍሬዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ላይ ይደረድሩና ይጠቀልላሉ። ሙቀት ባለበት ጥላ ያስቀምጣሉ። ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ውሃ ያርከፈክፋሉ። ከ4ኛው ቀን ጀምረው የበቀለውን ይቆጥራሉ፤ በ10ኛው ቀን ቆጠራውን ይጨርሳሉ።

አሁን ትምህርቶቹ እንዴት እንደሚተጋገዙ ልብ በሉ።

ሳይንስ፦ ዘር ለመብቀል ውሃ፣ አየርና ሙቀት እንደሚያስፈልገው ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ።

ሒሳብ፦ ከ100 ዘር 90 ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው። 60 ብቻ ከበቀለስ? 90 ቡቃያ ለማግኘት 150 ዘር ያስፈልጋል። ስለዚህ በጥሩ ዘር 10 ጣሳ የሚፈጀው ማሳ በደካማው ዘር 15 ጣሳ ይፈጃል። ወይም ዘሩ ይለወጣል።

ቋንቋ፦ ልጆቹ ያዩትን በየቀኑ ይጽፋሉ። በዞናችን ልጆች በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ አማርኛንም ይማራሉ። የማሽላውን ዓይነት ስም ከአያቶቻቸው ጠይቀው በሁለቱም ቋንቋ መጻፍ ይችላሉ።

ሥዕል፦ ሥሩ ሲወጣና ቡቃያው ሲያድግ ይስላሉ።

በመጨረሻው ቀን ወላጆች ይጠራሉ። እያንዳንዱ ልጅ የአባቱን ዘር ውጤት ቆሞ ያነባል። ይህ የሚሆነው ከመዝራት በፊት ስለሆነ አባትየው ዘሩን ለመለወጥ ጊዜ አለው። «ይሄ ለእኔ ምን ይረባኛል?» ላለው አባት መልሱ ይኸው ነው።

ጠባይ የሚታነጸው በምንድን ነው?

«ሐቀኛ ሁን» ተብሎ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ልጁ ይገለብጠዋል። መገልበጡ አይከፋም። ነገር ግን ሐቀኝነት የሚፈተነው ሥራ ላይ ነው።

አንድ ልጅ የአባቱ ዘር 55 ብቻ በቀለ እንበል። የጓደኛው ደግሞ 92 በቀለ። ልጁ ያፍራል። ቁጥሩን 85 ብሎ ቢጽፍ ማንም አያይበትም። ነገር ግን አባቱ ያን ቁጥር አምኖ ቢዘራ ማሳው ሳስቶ ይበቅላል፤ በመኸር ጎተራው ይጎድላል። ልጁ እውነተኛ ቁጥር መጻፍ ለምን እንደሚያስፈልግ በዚህ ይገባዋል። መምህሩም ውጤቱ ዝቅ ያለበትን ልጅ ማስነቀፍ የለበትም። «ደግ አደረግህ፤ እውነቱን ስለጻፍክ የአባትህን እህል አዳንክ» ሊለው ይገባል።

ሌላውም ጠባይ እንዲሁ ነው። ጨርቁን በየቀኑ ያላረጠበ ልጅ ዘሩ ይደርቅበታል፤ ከዚህ ትጋትን ይማራል። አራት ልጆች አንድ ጨርቅ ሲጠብቁ በተራ መሥራትን ይማራሉ። ሴት ልጆች ውሃ ብቻ እንዲቀዱ፣ ወንዶች ብቻ እንዲጽፉ ቢደረግ ግን ትምህርቱ ይበላሻል። መቅዳቱም መጻፉም በተራ መሆን አለበት። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው እንዲሉ፣ ዕውቀቱ የሚቀረው ከሠራው ልጅ ጋር ነው።

የወፍ ጥበቃው ወራት

ማሽላው እሸት ሲይዝ ወፍ ይመጣል። ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይወጣሉ። ወላጅ በዚህ አይወቀስም፤ እህሉ ከተበላ ቤተሰቡ ምን ይበላል? ይሁን እንጂ ይህንንም ችግር ልጆቹ ራሳቸው ሊያሰሉት ይችላሉ።

ማሳቸው ጎን ለጎን የሆነ 10 ልጆች አሉ እንበል። ሁሉም የየራሱን ማሳ ቢጠብቅ ሁሉም ከሳምንቱ 5 የትምህርት ቀን 5ቱንም ይቀራል። በቀን 2 ልጆች በተራ ቢጠብቁ ግን እያንዳንዱ 1 ቀን ብቻ ይቀራል፤ 4 ቀን ይማራል። ሁለት ልጅ አይበቃም ካላችሁ 4 ይጠብቁ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ 2 ቀን ይቀራል፤ 3 ቀን ይማራል። ይህም ወንፈል ነው።

ማማ ላይ የዋለው ልጅ ወፉ በየትኛው ሰዓት እንደመጣ ይመዘግብ። በማግስቱ ክፍሉ ምዝገባውን በሠንጠረዥ ይሠራዋል። ወፎች አብዝተው የሚመገቡት ጠዋትና ወደ ማታ ነው። የልጆቹም ሠንጠረዥ ይህን ካሳየ ወላጆችና መምህራን ተቀምጠው ስለ ትምህርት ሰዓቱ ሊመክሩ ይችላሉ። ግሪሳ በመንጋ ሲመጣ ግን በወንጭፍ አይመለስም። ቶሎ ለግብርና ባለሙያ መናገር ያስፈልጋል።

የቦርከና ውሃ

ለከፍተኛው ክፍል ደግሞ ወንዙ ራሱ ትምህርት ይሆናል። ቦርከና በደሴና በኮምቦልቻ በኩል ወርዶ ጨፋን ያጠጣል። ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በበጋ ሣር ሲጠፋ ከቆላው ከብት እየነዱ ወደ ጨፋ የሚመጡ አርብቶ አደሮች አሉ። ልጆች የወንዙን ካርታ ሲስሉ ጂኦግራፊ ይማራሉ። ስለ ግጦሽና ስለ ውሃ ስምምነት ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ ታሪክ ይማራሉ። ከላይ ያለው ሰው ውሃውን ቢያቆሽሽ ከታች ያለው እንደሚታመም ሲያዩ ጤናም፣ የጎረቤት መብትም ይገባቸዋል።

ከሌሎች አገሮች ምን እንማራለን?

በሕንድ ማኅተመ ጋንዲ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1937 ዋርዳ በምትባል ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። የመንደር ልጆች ትምህርት በእጅ ሥራ ዙሪያ ይሁን አሉ። ፈትል የሚፈትል ልጅ ክሩን ሲለካ ሒሳብ ይማራል፤ ጥጡ የት እንደሚበቅል ሲጠይቅ ጂኦግራፊ ይማራል።

በታንዛኒያ ደግሞ ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ በ1967 ትምህርት ራስን ለመቻል መሆን አለበት ብለው ጻፉ። ትምህርት ቤቶች እርሻ እንዲኖራቸው ጠየቁ። ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ እርሻው ከክፍሉ ትምህርት ተለይቶ ጉልበት ብቻ ሆነ። ይህ ለእኛም ማስጠንቀቂያ ነው። የመምህርን ጓሮ ማረም ፕሮጀክት አይደለም። ልጁ የሠራውን ካልቆጠረ፣ ካልጻፈና ምክንያቱን ማስረዳት ካልቻለ የተወሰደው ጉልበቱ ነው።

ደግሞም ሁሉ ነገር በፕሮጀክት አይሆንም። ፊደልና የማባዛት ሠንጠረዥ መደጋገም ይፈልጋሉ። ይህን እናንተም ፊደል ስትቆጥሩ አይታችሁታል።

ወላጆች ምን ያድርጉ?

እኛ ለማስተማር የዘመትን የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ስለ ፊደል እናውቃለን። ስለ ማሽላ ግን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። መምህሩም ከሌላ አገር የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፣ እነዚህን አድርጉ።

1. ልጁ ለፍተሻ ዘር ሲጠይቃችሁ ስጡት።
2. ትምህርት ቤት ስትጠሩ ሄዳችሁ የምታውቁትን ለልጆቹ ንገሩ።
3. ማታ ልጁ የጻፈውን ይዞ ሲመጣ አብራችሁ አንብቡ። አሁን ማንበብ ትችላላችሁና።
4. በወላጆችና መምህራን ስብሰባ ላይ «ልጆቻችን በዚህ ወር የትኛውን ሥራ ይዘው ይማራሉ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የቃላት ፍች

ሥርዓተ ትምህርት፦ የትምህርት ዕቅድ
ፕሮጀክት፦ ብዙ ትምህርት የሚገኝበት፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ
ግብረ ገብ፦ ስለ መልካም ጠባይ የሚሰጥ ትምህርት
ሠንጠረዥ፦ ቁጥር በመስመር ተከፋፍሎ የሚጻፍበት

ጥያቄዎች

1. ከ100 ዘር 45 ብቻ ቢበቅል፣ 90 ቡቃያ ለማግኘት ስንት ዘር ያስፈልጋል?
2. ልጁ የበቀለውን አብዝቶ ቢጽፍ የሚጎዳው ማን ነው? ለምን?
3. በእናንተ መንደር ማሳቸው ጎን ለጎን የሆነ ስንት ልጆች አሉ? የወፍ ጥበቃ ተራ አውጡላቸው።
4. ከማሽላ ሌላ ልጆች ሊማሩበት የሚችሉ የአካባቢያችሁን ሥራዎች ተወያይታችሁ ሦስቱን ጻፉ።