ባክስፔስ ምን ነካው? የብሮውዘር አቋራጭ ቁልፎች ሲቀየሩ

መግቢያ

እንደሚታወቀው በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን በነበረው ጦርነት ምክንያት ሰቆጣና ብዙዎቹ የዋግ ኽምራ ወረዳዎች ለወራት ያለ መብራት፣ ያለ ስልክና ያለ ኢንተርኔት ቆይተዋል። ያኔ ተማሪ አልነበርኩም። ሰቆጣ ከተማ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አገልግሎቱ ሲመለስ ዘመድ ቤት ያስቀመጥነውን ኮምፒዩተር አምጥተን፣ አቧራውን ጠርገን ከፈትነው። ኔትወርክ እንዳገኘ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቢኖር በእነዚያ ወራት ያመለጠውን አፕዴት ሁሉ ባንዴ መጫን ነበር።

በማግሥቱ አንድ ገጽ ከፍቼ ወደ ኋላ ልመለስ ብዬ ባክስፔስን ነካሁ። ምንም የለም። ደግሜ ነካሁት። ዝም። አቧራ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ቁልፉን ነቅዬ ጠረግሁት፣ ኪቦርዱን ገልብጬ መታ መታ አደረግሁት። ሌላ ኪቦርድ ተውሼ ሰካሁ፤ እሱም ያው ነው። ፈተና ሊያባዙ የመጡ አንድ መምህር ሲያዩኝ ቆዩና «ምን ሆነብህ?» አሉኝ።

«ባክስፔሱ ሞተብኝ ቲቸር።»

«እስቲ ዎርድ ላይ ሞክረው።»

ሞከርኩት፤ በደንብ ያጠፋል።

«ቁልፉ አልሞተም፣ ሥራውን ነው የቀየሩበት። ከእንግዲህ የምትመለሰው በአልትና በግራ ቀስት ነው።»

«ማን ፈቀደላቸው?» አልኩ። እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር።

ይህች አጭር ጽሑፍ ያን የምሬን ያልኩትን ጥያቄ ወደ ትምህርት ክፍላችን መጥቼ ካጠናሁ በኋላ ያገኘሁትን መልስ ታቀርባለች። መልሱ እንደጠበቅሁት ሆኖ አላገኘሁትም።

1. አቋራጭ ቁልፍ በጣት የሚታወስ ነገር ነው

አቋራጭ ቁልፍ ወይም ሾርትከት የምንለው በማውስ ሜኑ ከፍተን የምንሠራውን ሥራ በአንድ ወይም በሁለት ቁልፍ የሚያስጨርስልን ነው። ሁላችንም የምናውቀው ምሳሌ ኮንትሮልና ሲ (ኮፒ)፣ ኮንትሮልና ኤክስ (ቆርጦ ማውጣት)፣ ኮንትሮልና ቪ (መለጠፍ) ነው። ቆርጦ መለጠፍ የሚባለውን አሠራር በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) በአሜሪካው የዜሮክስ ፓርክ ምርምር ማዕከል ካዳበሩት ሰዎች ዋናው ላሪ ቴስለር ነው፤ በ2020 ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ኪቦርዳችሁን ተመልከቱ፦ ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ ቪ በታችኛው መስመር ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ግራ እጅ ከቦታው ሳይርቅ ይደርስባቸዋል። እነዚህ ቁልፎች በየፕሮግራሙ አንድ ዓይነት ሥራ ይዘው ለአሥርተ ዓመታት በመቆየታቸው ማንም ሰው አስቦ አይነካቸውም።

ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። በጨለማ የቤቱን ደጃፍ የሚያገኝ ሰው ስንት እርምጃ እንደተራመደ አይቆጥርም፤ እግሩ ያውቀዋል። ደጃፉን ሌሊት ወደ ሌላ ግድግዳ ቢያዞሩበት ግን ግንባሩን ይመታል። ቢነግሩት እንኳ ለተወሰነ ቀን እግሩ ወደ ድሮው ደጃፍ መሄዱን አይተውም። አዲስ አቋራጭ ቁልፍ መማር የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። አዲሱን ማወቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የድሮውን ከጣት ማስለቀቅ ግን ሳምንታት ይፈጃል።

2. አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ሥራ

ባክስፔስ በብሮውዘር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሁለት ሥራ ነበረው። ጠቋሚው የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ካለ ፊደል ያጠፋል። ጠቋሚው ከሳጥኑ ውጪ ከሆነ ወደ ቀደመው ገጽ ይመልሳል። ሰውየው አንድ ነገር ያደረገ ሲመስለው ኮምፒዩተሩ ሌላ ነገር ያደርጋል፤ ልዩነቱን የሚያሳየው ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ናት።

ጠቋሚው ደግሞ ሳናውቀው ከሳጥኑ ይወጣል። የላፕቶፕ መዳሰሻውን አውራ ጣታችን ሲነካው፣ ከተዘረዘረ ምርጫ ውስጥ «ወረዳ» ወይም «ጾታ» መርጠን ወደ ሳጥኑ መመለሳችንን ስንረሳ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ባክስፔስ ከተነካ ገጹ ሄደ፣ የተሞላውም ፎርም አብሮት ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

አንድ ቁልፍ እንደ ሁኔታው ሥራውን ሲለዋውጥ የሚፈጠረውን ስሕተት ቴስለር አጥብቆ ይቃወመው ነበር፤ የመኪናው ታርጋ ላይ ሳይቀር «ኖ ሞድስ» (ሁነታ የሚባል አይኑር) የሚል ነበር የተጻፈው።

3. ማን ቀየረው? ለምን?

መጀመሪያ ትልቁን እርምጃ የወሰደው ክሮም ነው። በሐምሌ 2016 (ሐምሌ 2008 ዓ.ም.) በወጣው 52ኛ ቅጂ ባክስፔስ ወደ ኋላ መመለሱን ተወ። የክሮም ሠሪዎች ከመወሰናቸው በፊት ለክተው ነበር። ከሚታዩ ገጾች ውስጥ በባክስፔስ ወደ ኋላ የሚኬድባቸው 0.04 በመቶ ናቸው፤ ፎርም መነካካት ከተጀመረ በኋላ የሚኬድባቸው ደግሞ 0.005 በመቶ። የኋለኞቹ ብዙ ጊዜ ሰው የጻፈውን የሚያጣባቸው ናቸው ተብሏል።

ቁጥሮቹ ትናንሽ ስለሆኑ ቶሎ እንዳናልፋቸው። 0.005ን ለ0.04 ብናካፍለው አንድ ስምንተኛ ይሆናል። ማለትም ባክስፔስ ወደ ኋላ ከወሰደባቸው 8 ጊዜዎች በአንዱ ሰውየው ፎርም መሙላት ጀምሮ ነበር። 

ያም ሆኖ ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። ክሮም ባክስፔስ ሲነካ «ለመመለስ አልትና ግራ ቀስት ይጫኑ» የሚል መልእክት ስክሪኑ ላይ ያሳይ ጀመር፤ የድሮውን ለሚፈልጉም ጉግል ራሱ ባክስፔስን የሚመልስ ተጨማሪ ፕሮግራም አወጣ። ፋየርፎክስ ዘግይቶ በመጋቢት 2021 (መጋቢት 2013 ዓ.ም.) በ87ኛው ቅጂ ያንኑ አደረገ። ምክንያቱም ያው ነው፦ የተሞላ ፎርም እንዳይጠፋ።

4. ጉዳዩ ለአማርኛ ጸሐፊ ይብሳል

እስቲ «ሰቆጣ» ብላችሁ በድምፅ በሚጻፍ ኪቦርድ ጻፉ፦ ኤስ፣ ኢ፣ ኪው፣ ኦ፣ ትልቁ ቲ፣ ኤ። ሦስት ፊደል፣ ስድስት ቁልፍ፤ ከዚያም ላይ ሺፍት። «ሰ» ያልነው «ሳ» መሆን ነበረበት ብንል አናባቢውን ብቻ ማረም አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ ፊደሉን በሙሉ አጥፍተን እንደገና እንጀምራለን። ስለዚህ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ጣት ወደ ባክስፔስ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ባክስፔስ ሁለት ሥራ በነበረው ዘመን አደጋው ለእኛ የበለጠ ቅርብ ነበር ማለት ነው። የኔትወርኩን መንቀራፈፍ ጨምሩበት። አዲስ አበባ በአንድ ደቂቃ የሚከፈት ፎርም እዚህ ሩብ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ የጠፋ ገጽ ዋጋው እዚህና እዚያ እኩል አይደለም።

የቁልፍ መቀየርም ለእኛ አገር ጸሐፊ አዲስ ነገር አይደለም። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሠለጠኑ ታይፒስቶች ወደ ኮምፒዩተር ሲመጡ ቪዡዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝን እንደገና መልመድ ነበረባቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ የራሱን የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። በየደረጃው ፊደሉ ያው ሆኖ ጣቱ ተቀየረ። በኽምጣኛ የሚጽፉ ጓደኞቻችን ደግሞ ለቋንቋቸው ድምፅ የሚያስፈልጋቸውን «ጘ»ንና ዘሮቹን ከየትኛው ቁልፍ እንደሚያገኙ ፕሮግራም በቀየሩ ቁጥር እንደ አዲስ ይፈልጋሉ። ይህን ያዩ ሰዎች ናቸውና አቋራጭ ቁልፍ ተቀየረብኝ ብሎ የሚናደድን ሰው «ምን አለበት፣ ትለምደዋለህ» ብለን ልናልፈው አይገባም።

5. ታዲያ ንዴቱ ልክ አልነበረም?

በእኔ አስተያየት ሁለት ነገር መለየት አለበት። ለውጡ ትክክል ነው። አመጣጡ ግን ሰውን ይጎዳል። አዲሱ ቁልፍ ሲመጣ አብዛኛው ተጠቃሚ አልተጠየቀም፤ ኢንተርኔት ተቋርጦበት የከረመ ሰው ደግሞ የብዙ ወራት ለውጥ በአንድ ሌሊት ነው የሚወርድበት። መልእክቱ ቢወጣም በእንግሊዝኛ ከሆነ ለብዙ ሰው አለመውጣቱ ነው። የሚያናድደው ቁልፉ መቀየሩ ሳይሆን ቁልፉ የተበላሸ መምሰሉ ነው። እኔ ደህናውን ኪቦርድ የነቀልኩት የሚነግረኝ በማጣቴ ነው።

6. ምን እናድርግ?

ሀ) ለመመለስ አልትና ግራ ቀስት፣ ወደ ፊት ለመሄድ አልትና ቀኝ ቀስት እንልመድ። ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ ከሆነ በቀኝ በኩል ያለው አልት ለቀስቶቹ ስለሚቀርብ በአንድ እጅ ይሆናል።

ለ) ከተሞላ ፎርም ላይ ገጹ ካመለጠን ሌላ ነገር ከመንካታችን በፊት አልትና ቀኝ ቀስትን እንሞክር። ሁልጊዜ ባይሆንም ብሮውዘሩ ብዙ ጊዜ የጻፍነውን እንደያዘ ይመልሰዋል። ሳናስበው የዘጋነውን ታብ ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቲ ይመልሰዋል።

ሐ) ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ሳጥን ውስጥ በቀጥታ አንጻፍ። ኖትፓድ ወይም ዎርድ ላይ ጽፈን፣ ሴቭ አድርገን፣ ከዚያ ኮፒ እናድርግ። መብራት ሲቆራረጥም የሚያድነን ይኸው ነው።

መ) የድሮውን ባክስፔስ የግድ የሚፈልግ ሰው ፋየርፎክስ ላይ በአድራሻው ቦታ «አባውት ኮንፊግ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ጽፎ፣ በመፈለጊያው «ባክስፔስ» ብሎ የሚወጣለትን ቁጥር ከ2 ወደ 0 ይቀይር። ቪቫልዲ የተባለው ብሮውዘር ደግሞ አቋራጭ ቁልፎቹን ተጠቃሚው ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። አደጋውን ዐውቆ የሚመርጥና ሳያውቅ የሚወድቅ ግን አንድ አይደሉም።

ሠ) በላብራቶሪያችን አፕዴት በተደረገ ቁጥር የተቀየሩት ቁልፎች በአማርኛ ተጽፈው በር ላይ ቢለጠፉ ጥሩ ነው። ለምሳሌ ፋየርፎክስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ የቡክማርክ ማከማቻውን መክፈቱን ትቶ የቡክማርክ መስመሩን ማሳየትና መደበቅ ጀምሯል፤ ማከማቻውን የሚከፍተው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ ሆኗል። ይህን ለመጻፍ ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል።

መደምደሚያ

በመጨረሻ ለአንባብያን የምናዘዘው ነገር አለኝ። ከጦርነቱ በፊት በ2012 ዓ.ም. አንዲት እናት ከዝቋላ በኩል ለልጇ የሥልጠና ምዝገባ ልታስሞላ ወደ ሱቃችን መጣች። ፎርሙ በአማርኛ የሚሞላ ነበር። አርባ ደቂቃ ያህል ከኔትወርኩ ጋር ታግለን መጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ ወረዳውን ከዝርዝር መረጥሁ፣ የአባት ስም ላይ የተሳሳትኩትን ፊደል ላጠፋ ባክስፔስን ነካሁ። ገጹ ተመለሰ። ሳጥኖቹ ሁሉ ባዶ ሆኑ። መሸ፤ ሱቁም ሊዘጋ ነው።

«ምን ሆነ ልጄ?» አለችኝ።

«ኔትወርክ ነው እናቴ። ነገ ይመለሱ።»

ዘመድ ቤት አድራ በማግሥቱ መጣች፤ እንደገና ሞላንላት፣ ተሳካ። አንዲት ሌሊትና አንድ የሥራ ቀን ከሰረች። እኔም የእውነት ኔትወርክ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ባክስፔስ ተቀየረብኝ ብዬ የተናደድኩት፣ ያን ቀን የሷን ፎርም ያጠፋው ይኸው ቁልፍ መሆኑን ሳላውቅ ነው። አልትና ቀኝ ቀስትን ያኔ ባውቅ ኖሮ ምናልባት እዚያው እናተርፈው ነበር።

«ማን ፈቀደላቸው?» ላልኩት መልሱ እንግዲህ ይህ ይመስለኛል፦ እኔን አልጠየቁም፣ እሷንም አልጠየቁም፤ ለውጡ ግን ከእኔ ጣት ይልቅ ለእሷ ፎርም አስቧል። የእኔ ጣት በሦስት ሳምንት ለመደ። እኛም ነገ ተመርቀን ሰው የሚጠቀምበትን ፕሮግራም የምንሠራ ነንና፣ ቁልፍ ስንቀይር እንዲህ ላለችው እናት ብለን እንቀይር፤ ስንቀይርም ማንም ደህና ኪቦርዱን እንዳይነቅል በሚገባው ቋንቋ እንንገረው።