ሽንት ቤት ሞልቶ ሲፈስ ምን ይደረጋል?



ባለፈው ክረምት ለትምህርት በወጣሁበት አንድ መንደር፥ የአንድ ቤት ሽንት ቤት በዝናብ ሞልቶ ወደ ታች ይፈስ ነበር። ከታች ደግሞ መንደሩ የሚቀዳው ምንጭ አለ። አደገኛ መሆኑን ብናገር አንዲት እናት፥ «ልጄ፥ ይቺን ትንሽ ነገር መሬቱ ይመጥጣት የለም እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው የብዙ ሰው ጥያቄ ስለ ሆነ፥ መልሱን በአንድ እውነተኛ ታሪክ ላስረዳችሁ።

በሎንዶን ከተማ የሆነው

እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፥ በሎንዶን ከተማ፥ ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ የምትኖር አንዲት የአምስት ወር ሕፃን ብርቱ ተቅማጥ ያዛት። እናቷ የሕፃኗን ጨርቅ በባልዲ እያጠበች፥ እጣቢውን በቤቱ ፊት ባለው የቆሻሻ ጉድጓድ ትደፋ ነበር። የጉድጓዱ የጡብ ግድግዳ ግን አርጅቶ ይፈርስ ነበር። ሰፈሩ የሚጠጣው የውኃ ጉድጓድ ደግሞ ከዚያ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም። ቆሻሻው በአፈሩ ውስጥ እየሰረገ ውኃው ውስጥ ገባ። እናቲቱ ጥፋት የለባትም፤ ጉድጓዱ እንደሚያፈስ ማንም አላወቀም ነበር።

ሕፃኗ ሞተች። በሰፈሩም ከ600 የሚበልጡ ሰዎች በኮሌራ አለቁ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም፥ የሞቱት ሰዎች ከየት ይጠጡ እንደ ነበር እየዞረ ጠየቀ። አብዛኞቹ ከዚያ ጉድጓድ የጠጡ መሆናቸውን ሲረዳ ለሹማምንቱ አስታወቀ። እነሱም በሴፕቴምበር 8 ቀን የውኃውን መሳቢያ እጀታ አስነቀሉ። በዚያው ዕለት የሕፃኗ አባት ደግሞ በኮሌራ ታመመ። ውኃው ባይዘጋ ኖሮ በሽታው እንደ ገና ሊነሣ ይችል ነበር። ጉድጓዱ ማፍሰሱ የታወቀው ግን በማግሥቱ ዓመት፥ ተቆፍሮ ሲታይ ነው።

እንግዲህ መሬት ሁሉን አይመጥጥም። ለዓይን ጥሩ የሚመስል ውኃም በሽታ ሊይዝ ይችላል።

የከተማ ሠራተኞች እንዴት ያደርጋሉ?

በትልልቅ ከተሞች የፍሳሽ ቧንቧ ሲፈነዳ ወይም ሲደፈን፥ ጠባቂዎቹ ሠራተኞች መጀመሪያ ፍሳሹ ወደ ወንዝ እንዳይደርስ ይገድባሉ። ቦታውን አጥረው ለሕዝቡ ያስታውቃሉ። ከዚያ የደፈነውን ነገር፥ ማለት ጨርቁን፥ የረጋውን ቅባት፥ የዛፉን ሥር ያወጣሉ፤ ቦታውንም ያጸዳሉ። ፍሳሽ ባይኖርም ቧንቧውን በየጊዜው ይመረምራሉ፥ ያጥባሉ። እኛም በቤታችን ይህንኑ ሥርዓት መከተል እንችላለን።

ሽንት ቤታችሁ ቢፈስ

1ኛ. ከሁሉ በፊት ውኃውን አድኑ። ከታች ላሉት ጎረቤቶች ወዲያው ንገሯቸው፤ ማፈር አያስፈልግም። ፍሳሹ የደረሰበት ምንጭ በጤና ሠራተኛ እስኪታይ ድረስ አይቀዳ። ከሌላ ቦታ የቀዳችሁትንም አፍልታችሁ ጠጡ፤ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

2ኛ. በዚያ ሽንት ቤት መጠቀም አቁሙ። ልጆችን፥ ዶሮዎችንና ከብቶችን ከቦታው አርቁ።

3ኛ. ፍሳሹን በአፈር ገድቡት። ደረቅ አፈርና አመድ፥ ኖራ ካለም ኖራ፥ ነስንሱበት። ከዚያ በአካፋ ዝቃችሁ ከውኃ በራቀ ጉድጓድ ቅበሩት። በባዶ እግር አትሥሩ።

4ኛ. ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ማንም ሰው አይግባ፤ በውስጡ ያለው መጥፎ አየር ሰው ይገድላል።

5ኛ. ሥራው ሲያልቅ እጅና እግራችሁን፥ አካፋውንም በሳሙና ታጠቡ። ሳሙና ከጠፋ በአመድ።

እንዳይፈስ ለመጠበቅ

ሽንት ቤት ከምንጭ ወይም ከውኃ ጉድጓድ በታች በኩል፥ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር። ይህም አርባ እርምጃ ያህል ነው። አፈሩ የሚናድ ከሆነ ግድግዳው በድንጋይ ይደገፍ። ክረምት ሳይገባ በዙሪያው የጎርፍ መመለሻ ቦይ ቆፍሩ። ጨርቅ፥ ፌስታልና ጠርሙስ አትጣሉበት። አፉ ሁልጊዜ ይከደን። ሊሞላ አንድ ክንድ ሲቀረው፥ ነገ ዛሬ ሳትሉ በአፈር ድፈኑትና ሌላ ቆፍሩ።

የሕፃንም ዓይነ ምድር እንደ አዋቂው በሽታ ያመጣል። ስለዚህ በደጅ ወይም በወንዝ ዳር አይጣል፤ ደኅና ሽንት ቤት ውስጥ ይጨመር።

ልጅ ተቅማጥ ቢይዘው ጡት አትከልክሉት። ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ሠራተኛ ውሰዱት።

ያች እናት ይህን ታሪክ ከሰሙ በኋላ፥ «እንግዲያስ የኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም፥ የምንጩ ጉዳይ ነው» አሉና ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። በማግሥቱ ቦዩ ተቆፈረ። እናንተም ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ዛሬ ሽንት ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩ።

ጥያቄዎች

1. ሽንት ቤታችሁ ከምንጩ በላይ ነው ወይስ በታች?
2. እስኪሞላ ስንት ክንድ ቀርቶታል?
3. ዛሬ ቢፈስ መጀመሪያ ለማን ትነግራላችሁ?