የቃል ችሎታ ያለው ሰው ምን ሥራ ይስማማዋል?

ከመንዝ፤ ከግሼና ከመርሐቤቴ መጥተን የቋንቋ ትምህርት ስንመርጥ ከዘመድ የሚቀርብልን ጥያቄ «ይህ እንጀራ ይሆናል ወይ?» የሚል ነው። በሬውን ሸጦ ልጁን ያስተማረ አባት ተገቢ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል። ስለዚህ ሦስት የሥራ መስኮችን እንመለከታለን።

አንደኛው ሕግ ነው። አባቶቻችን ቀድሞ ስለ ርስት ሲሟገቱ «በላ ልበልሃ» እና «ተጠየቅ» በሚባለው ሥርዐት ነበር። በዚያ ሙግት የሚረታው ብዙ የተናገረ ሳይሆን የባላጋራውን ቃል አዳምጦ መልሶ የሚያስይዘው ነው። ዛሬ ግን ችሎት የሚፈልገው የተጻፈ ክስና የሕግ አንቀጽ ነው። አንደበተ ርቱዕ የሆነው ባላገር ለማመልከቻ ጸሐፊ ከፍሎ፤ ወረቀቱ ሲነበብለት የራሱ ጉዳይ መሆኑ ይጠፋዋል። የባላገሩን ቃል ሳያዛባ ወደ ሕግ ቋንቋ የሚመልስ ሰው በየወረዳው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጋዜጠኝነትና ትርጕም ነው። የመንዙ ተወላጅ አቶ ከበደ ሚካኤል ጋዜጠኛ፤ ባለቅኔና ተርጓሚ ነበሩ፤ የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልየት» ወደ አማርኛ መልሰዋል። አማርኛቸው ያማረ መሆኑ ብቻ ለዚህ አላበቃቸውም፤ የውጭ ቋንቋ ጠንቅቀው ተምረዋል። አንድ ቋንቋ ብቻ የያዘ ሰው ተርጓሚ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው የመዝገበ ቃላት ሥራ ነው። ይህ ደግሞ በሰው ፊት መናገር ለሚያፍር፤ ነገር ግን ቃል ለሚወድ ሰው የሚስማማ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ቀጠሉት። እርሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ዐደራ ሰጡ፤ መጽሐፉም በ1948 ዓ.ም. ታተመ። አለቃ ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። እንዲህ ያለው ሥራ የሦስት ሰው ዕድሜ ይጠይቃል።

እንግዲህ ስጦታው አንድ ቢመስልም ሥራው ልዩ ልዩ ነው። ጠበቃ ጆሮ፤ ተርጓሚ ሁለተኛ ቋንቋ፤ መዝገበ ቃላት ጸሐፊ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ገና ተማሪዎች ሳለን ችሎት ገብተን እናዳምጥ፤ በየሳምንቱ አንድ ገጽ እንተርጕም፤ ለዕረፍት አገራችን ስንገባም በመዝገበ ቃላት ያልሰፈሩትን የባላገር ቃላት ከነትርጕማቸው እንጻፍ። ለአባቶቻችን ጥያቄ ተገቢው መልስ የተሠራ ሥራ ነው።