የእጅ ሙያ በቤታችን፤ ከትርፍ ጊዜ ሥራ ባለሙያን ወደ ማክበር



ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በማክሰኝትና በአካባቢዋ፣ ያለ እጅ ሙያ ውሎ የሚያድር ቤት የለም። እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ፣ እህሉ የሚበጠርበት ሰፌድ፣ ቡናው የሚፈላበት ጀበና፣ ከብርድ የሚያስጥለው ጋቢ፣ መሬቱን የሚሰነጥቀው ማረሻ ሁሉ የሰው እጅ ውጤቶች ናቸው። ይሁን እንጂ በዕቃው በየዕለቱ የምንጠቀምበትን ያህል ሠሪውን አክብረናል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ አንገት የሚያስደፋ ነው። ይህ ጥናት የእጅ ሥራን በትርፍ ጊዜ በቤት ውስጥ መሞከር ዕረፍትና ደስታ ከመስጠቱም በላይ፣ ለባለሙያው ያለንን አመለካከት የሚያቃና ትምህርት እንደሚሆን ለማስረዳት የቀረበ ነው።

፩. ዕቃው ተወዶ ሠሪው የተናቀበት ታሪክ

በጎንደር ምድር ቤተ እስራኤላውያን መሬትን በርስት የመያዝ መብት በማጣታቸው፣ ወንዶቹ በቀጥቃጭነትና በሽመና፣ ሴቶቹም በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። በከተማዋም ሙስሊሞች በንግድና በሽመና የታወቁ ነበሩ። ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ ማረስ፣ ባልቴቲቱም ያለ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ መጋገር አይቻላቸውም ነበር። ሆኖም ብረት የሚቀጠቅጠው «ጠይብ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ከዚህም አልፎ ባለሙያው በቡዳነት ይጠረጠራል፤ በማዕድም በጋብቻም ይገለላል።

ይህ ንቀት አገርን እንደሚጎዳ የተረዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ስድብን በአዋጅ መከልከል ይቻል ይሆናል፤ ንቀትን ከልብ ለመንቀል ግን ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል።

በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ኋላም በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ፣ እጅግ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተጓዙ። በሁለተኛው ጉዞ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ተወስደዋል። የሄዱት በዋነኛነት ኢየሩሳሌምን በመናፈቅ ቢሆንም፣ ብዙ ሙያም አብሯቸው ሄዷል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚያወጣው መንገድ ዳር የምትገኘው ወለቃ እስከ ዛሬ በሸክላ ሥራዋ ትታወቃለች። የፕላስቲክ ዕቃ እንስራውን በተካበት በዚህ ዘመን፣ ባለሙያ ጎረቤት ሲለይ ምን እንደሚጎድል ልብ ልንል ይገባናል።

፪. በቅዱስ መጽሐፍ ዘንድ

የናዝሬት ሰዎች በጌታችን ጥበብ እየተደነቁ ሳሉ፣ ጸራቢ መሆኑን አስታውሰው እንደ ተሰናከሉበት ቅዱስ ማርቆስ በምዕራፍ 6 ጽፏል። የመንደር ሰው ባለሙያን በሙያው መናቁ እንግዲህ እግዚአብሔርን እስከ መሳት ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይኖር ነበር። በኢዮጴም ጣቢታ በሞተች ጊዜ፣ መበለቶች እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት በእጇ ያዘጋጀችላቸውን ልብስ ነበር።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራተኛው የቅዱስ ዮሴፍን በዓል የደነገጉት፣ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ልጅ ሥራ በጻፉት መልእክት የሥራ ክብር ከሠሪው ሰውነት እንደሚመነጭ ያስተማሩት በዚሁ መንፈስ ነው።

፫. በእጅ መሞከር ለምን ይጠቅማል?

አበው «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ወደ ልብ ከሚያስገቡት መንገዶች አንዱ ደግሞ እጅ ነው። በሕንድ አገር ማኅተማ ጋንዲ የተማረውም ያልተማረውም፣ ከፍ ያለ የሚባለውም ዝቅ ያለ የሚባለውም ሰው በየቀኑ ጥቂት ጥጥ እንዲፈትል ያሳስቡ ነበር፤ ራሳቸውም ይፈትሉ ነበር። በዚህም አገሪቱ ከባዕድ ጨርቅ እንድትላቀቅ ብቻ ሳይሆን፣ የእጅ ሥራ ለድሃ ብቻ የተተወ ዕዳ መስሎ እንዳይታይም ይሹ ነበር።

ለእኛም ምሳሌው ከቤታችን አይርቅም። ጋቢ ሲገዛ በዋጋው የሚከራከር ሰው ጥጡ ያለፈበትን መንገድ ይቍጠር። ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው አመልማሎ ይሆናል፤ አመልማሎው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉም ድርና ማግ ሆኖ ወደ ሸማኔው ጕድጓድ ይወርዳል። ይህን በወሬ የሰማ ሰው ቶሎ ይረሳዋል። አንድ ምሽት እንዝርት ይዞ ክሩ በየስንዝሩ የተበጠሰበት ሰው ግን፣ እናቱ ስንት ሌሊት እንደ ደከመች ያን ጊዜ ይገባዋል።

፬. በቤት ውስጥ እንዴት እንጀምር?

ሀ) ስፌት። ለጀማሪ የሚመከረው ትንሽ ሰፌድ ወይም የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ ነገር ነው። አክርማና ስንደዶ፣ አንድ ወስፌ፣ ውኃ የያዘ ጎድጓዳ ሳሕን ይበቃል። የሚጠቀለለው ሣር ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ ግን ይሰበራል። ቀጭን የሣር እፍኝ መሐል ላይ ተጠቅልሎ ይጀመራል፤ እያንዳንዱ ዙር በወስፌ እየተበሳ ካለፈው ዙር ጋር ይያያዛል። መነሻው ከላላ ዙሩ ሁሉ ይላላልና፣ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። በቀለም የተነከረው አለላ የሚገባው እጅ ከለመደ በኋላ ነው። ሙዳይና መሶብ ለኋላ ይቆዩ።

ለ) ፈትል። እንዝርትና ጥቂት ባዘቶ ካለ፣ በአጠገብ የሚገኙ አንዲት አረጋዊት እናት ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራሉ። እርሳቸውን መለመን ራሱ የአክብሮት መጀመሪያ ነው።

ሐ) ዳንቴልና ጥልፍ። በክርና በኪሮሽ፣ ወይም በመርፌ የሚሠራ በመሆኑ በትንሽ ቦታ ላይ ይቻላል። የጀመሩትን ሥራ በማንኛውም ጊዜ አስቀምጦ መነሣት ስለሚቻል፣ ለተማሪዎችና ሕፃን ለያዙ እናቶች ይስማማል።

መ) ጭቃ። ልጆች ከሸክላ አፈር በሬና ቤት ይሥሩ፤ በጥላ ሥር ይደርቅላቸው። ምጣድና ጀበና ግን አፈር መምረጥንና በእሳት መተኰስን የሚጠይቅ ሙያ ስለሆነ፣ ለባለሙያዋ ይተው። ብንችል ቤተ ሰቡን ይዘን ሄደን ስትሠራ እንይ።

፭. ልናስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ በአገራችን ልማድ ስፌትና ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ተብሎ ተለይቷል። በቤት ውስጥ ግን አባት እንዝርት ቢይዝ፣ ወንድ ልጅም ሰፌድ ቢጀምር ነውር የለበትም። ሊነቀፍ የሚገባው በሞካሪው ላይ የሚስቀው ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ በትርፍ ጊዜ የምንሠራው ለራሳችንና ለስጦታ ይሁን። በዚሁ ሙያ ልጆቿን የምታሳድገውን ጎረቤት ገበያ እንዳንሻማ እንጠንቀቅ። ይልቁንም ሙያውን ሞክረን ድካሙን ካወቅን በኋላ፣ የምትጠይቀንን ተገቢ ዋጋ ያለ ንዝንዝ እንክፈላት።

ሦስተኛ፣ በሰንበትና በበዓላት ቀን ጎረቤቶቻችን ፈትልና ስፌት እንደማይነኩ እናውቃለን። የራሳችንን የሰንበት ዕረፍት እየጠበቅን የእነርሱንም ሕሊና እናክብር።

ማጠቃለያ

ጠማማ ሰፌድ የሠራ ሰው የቀናውን ሰፌድ የሠራችውን ሴት ከእንግዲህ ዝቅ አድርጎ ለማየት ይቸግረዋል። አዋጅ ያልደረሰበትን ልብ፣ በወስፌ የተወጋ ጣት ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ እስከሚቀጥለው እትም ድረስ አንድ ሙያ መርጦ እንዲሞክር፣ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎችም በየቁምስናው አንድ ባለሙያ ጋብዘው በክብር መምህርነት ወንበር እንዲያስቀምጡ አደራ እንላለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችን ካሉት የእጅ ሥራ ዕቃዎች ሠሪያቸውን በስም የምናውቃቸው ስንት ናቸው?

2. በአካባቢያችን ባለሙያዎችን የሚያዋርዱ ምን ምን ቃላት አሁንም ይነገራሉ? ልጆቻችን ሲናገሯቸው ምን እንላለን?

3. የናዝሬት ሰዎች በጌታችን የተሰናከሉት ለምን ነበር? በእኛ መካከል ይህን የሚመስል ነገር አለ?

4. በዚህ ሦስት ወር የምንሞክረው ሙያ የትኛው ነው? እንዲያስተምረንስ ማንን እንለምን?