«ከመበላሸቱ በፊት ምን ተለወጠ?»
ስለ ኮምፒዩተር መምሪያ መጻሕፍት አጠቃቀም

እንደሚታወቀው ማንኛውም ኮምፒዩተር የሚሠራው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በሚባለው ዋና ፕሮግራም አማካይነት ነው። ይኸውም የቁልፍ ሰሌዳውን፣ ስክሪኑን፣ ፕሪንተሩንና ሌሎቹን ፕሮግራሞች አቀናጅቶ የሚያሠራ ማለት ነው። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክኦኤስ የዚህ ዓይነት ናቸው። ስለ እነዚህ የተጻፉት መምሪያዎች ሁለት ነገር ያስተምራሉ። አንደኛው ሲስተሙን ለራስ ሥራ እንዲስማማ አድርጎ ማስተካከል ሲሆን፣ ሁለተኛው ሲበላሽ ምክንያቱን ፈልጎ መጠገን ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱን ለያይተን እናያቸዋለን። ሁለተኛው ከአንደኛው ሊወለድ እንደሚችል እኔ ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው።

ባለፈው ወር የጋራ መጠቀሚያችን የሆነው ኮምፒዩተር ሲከፈት በጣም ዘገየብኝ። «ቆይ ላፍጥነው» ብዬ ሲስተም ኮንፊገሬሽን የሚባለውን መስኮት ከፈትኩና፣ ሰርቪስ ከሚለው ሥር የተደረደሩትን የራይት ምልክቶች በሙሉ አጠፋሁ። መምሪያውን ግማሹን ብቻ ነበር ያነበብኩት። «በመጀመሪያ የማይክሮሶፍትን ሰርቪሶች ደብቅ» የሚል መስመር ነበረበት፤ ዘልዬዋለሁ። ያ ቢደረግ ኖሮ የሲስተሙ የራሱ ሰርቪሶች ከዝርዝሩ ይወጡና አይነኩም ነበር። የሚቀሩት በኋላ የተጫኑት ብቻ ናቸው።

ማሽኑ መነሣቱንስ ተነሣ። ግን ኢንተርኔቱ የለም፣ ድምፁ የለም፣ ፕሪንተሩም አላትምም አለ። በማግስቱ ጓደኞቼ ለማስተማር ልምምድ የሚይዙት የትምህርት ዕቅድ መታተም ነበረበት። ምን ያድርጉ? እስከ እኩለ ሌሊት በእጃቸው ገለበጡ። እኔም አብሬ ገለበጥኩ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም።

በሦስተኛው ቀን መምህራችን መጥተው «ልጆች፣ ከመበላሸቱ በፊት ምን ተለወጠ?» ሲሉ ጠየቁ። ሁሉም ዝም አለ። ገመዱን ቀየሩ፣ ቀለሙን አዩ፣ ፕሪንተሩን ፈታተሹ። ያ ሁሉ ድካም በእኔ ዝምታ የመጣ ነው። በመጨረሻ አላስቻለኝም፤ «መምህር፣ የነካሁት እኔ ነኝ» አልኩ። እሳቸውም ወደዚያው መስኮት ተመልሰው «ኖርማል ስታርትአፕ» የሚለውን መረጡና ማሽኑን አጥፍተው አበሩት። ሠራ! አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ከዚያ ወዲህ መምሪያዎችን ሳልዘል ማንበብ ጀመርኩ። ለሁላችንም የሚጠቅሙ ሦስት ትምህርቶች አግኝቼባቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ከመለወጥ በፊት የነበረውን መያዝ። ሬጂስትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ የማስተካከያ መዝገብ ከመንካት በፊት ቅጂ አስቀምጥ ይላሉ። ሲስተሙ ራሱ ይህን ያውቃል። የስክሪኑን መጠን ስንለውጥ «ይቆይ ወይስ ይመለስ?» ብሎ ይጠይቀናል፤ 15 ሰኮንድ ጠብቆ መልስ ካጣ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ለውጡ ስክሪኑን አጨልሞት ጥያቄውን ማየት ብንሳነው እንኳ እንድናለን ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በቅደም ተከተል መፈለግ። 16 ፕሮግራሞች ቢጠረጠሩና ጥፋተኛው አንድ ብቻ ቢሆን፣ መምሪያው ግማሹን አጥፍተህ አስነሣ ይላል። ችግሩ ከተወገደ ጥፋተኛው ካጠፋናቸው 8 መካከል ነው፤ ካልተወገደ ከቀሩት 8 መካከል ነው። ቀጥሎ 4፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1 ይቀራል። በ4 ሙከራ ተገኘ። አንድ በአንድ ብንሄድ ግን እስከ 15 ጊዜ ማጥፋትና ማብራት ሊጠይቀን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጉድለትን አለመደበቅ። ዩኒክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የመጀመሪያ መምሪያ መጽሐፍ የወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን ነው። አዘጋጆቹ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ሲስተሙን የፈጠሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በዚያ መጽሐፍ ስለ እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲገለጽ ስሙ፣ አጻጻፉና ሥራው ከተነገረ በኋላ «ጉድለቶች» የሚል ርእስ ይመጣል። የታወቀውን ስሕተት ሠሪዎቹ በገዛ እጃቸው ጽፈውታል። ዛሬም በሊኑክስ «ማን» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ የትእዛዝ ስም ቢያስከትሉበት የሚወጣው ገጽ የዚያ ልጅ ነው፤ በብዙዎቹም ላይ ይኸው ርእስ አለ። ታዲያ ፈጣሪዎቹ ያላፈሩበትን እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ደበቅኩት።

ዕጩ መምህራን ሆይ! ይህ ነገር ከኮምፒዩተር ክፍል ውጭም ይሠራል። ነገ የሂሳብ ትምህርት ስናስተምር አንድ ተማሪ መልሱን ይስታል። «ተሳስተሃል፣ ተቀመጥ» ካልነው የሚማረው ጥፋትን መደበቅ ነው። «እስቲ እስከየት ድረስ ደኅና ሄድክ?» ካልነው ግን ደብተሩን ሳይፈራ ያሳየናል፤ ስሕተቱንም አብረን እናገኘዋለን። በየትምህርት ዕቅዳችን መጨረሻ ላይም «ያልተሳካልኝ» የሚል አንድ መስመር ብንጨምር ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምሪያ ይሆነናል። እኔ ጀምሬያለሁ።

የጋራ ኮምፒዩተራችን አጠገብም ደብተር አስቀምጫለሁ። አንዳች ነገር የለወጠ ሁሉ ቀኑን፣ የነበረውንና የለወጠውን ይጻፍበት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ጥፋት የእኔ ነው።

መልመጃ፦ 32 ፕሮግራሞች ቢጠረጠሩና ጥፋተኛው አንድ ቢሆን በግማሽ በግማሽ ዘዴ በስንት ሙከራ ይገኛል? መልሱን ከነአሠራሩ በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፉ።