የሎሚ መጠጥ ለጉባኤ መስተንግዶ

በበጋ ፀሐይ በሚካሄዱ ጉባኤያት የሎሚ መጠጥ ማቅረብ ለሰበካ ጉባኤያት ለስላሳ ከመግዛት ይልቅ ወጪው የቀለለ ነው። ይሁን እንጂ «ሎሚ ጀርም ይገድላል» በሚል እምነት ያልፈላ የወንዝ ወይም የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ጥቂቶች አይደሉም። የሎሚ ኮምጣጣነት አንዳንድ ተዋሕስያንን ቢያዳክምም የተበከለን ውሃ ለመጠጥ ብቁ አያደርግም፤ በአንድ በርሜል የተበጠበጠ መጠጥ ደግሞ ጉባኤተኛውን በሙሉ ሊያሳምም ይችላል።

ስለዚህ ሥራው በዋዜማው ከውሃው ይጀምራል። ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ለ1 ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጡ አጥቢያዎች ግን ለ3 ደቂቃ መፍላት አለበት፤ በደጋ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላልና። ለ8 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስኳር በትኩሱ ይሟሟ። የስኳሩ ዋጋ ካሳሰበ መቀነስ ይቻላል፤ ማገዶው ግን አይቀነስም።

ተከድኖ ካደረ በኋላ ጠዋት 1 ሊትር የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል። ጭማቂውን አብሮ ማፍላት ጣዕሙንም ቫይታሚን ሲውንም ይቀንሳል፤ ፍሬው ከተጨፈለቀም መጠጡ ይመርራል።

ማስቀመጫው አሉሚኒየም አይሁን፤ ኮምጣጣው ብረቱን ይበላዋልና። ኬሚካል የነበረበት ጀሪካንማ ቢታጠብም አይነካ። በረዶ ከተጨመረ ከፈላ ውሃ የተሠራ መሆኑን ኮሚቴው ያረጋግጥ። ቀጂዎች እጃቸውን በሳሙና ታጥበው በጭልፋ ይቅዱ፤ ብርጭቆ በርሜሉ ውስጥ አይነከር። ከዕለቱ የተረፈው ይደፋል።