ከበዓል ማግስት የሚነሳ የአውራ ጣት ሕመም

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው። የፋሲካ ዕለት ዱለትና ክትፎ በልቼ፣ ቢራም ጠጥቼ አደርኩ። ሌሊት የእግሬ አውራ ጣት አብጦና ቀልቶ አንሶላ እንኳ ሲነካው አላስችል አለኝ። ከምግቡ ይሆን? ሽሮና ምስርም ተው ይሉኛል።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርዎ። የገለጹት ሕመም ሪህን በጣም ይመስላል። ጉበት፣ ኩላሊትና ቀይ ሥጋ ፒዩሪን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው፤ ሰውነት ይህን ሲያብላላ ዩሪክ አሲድ ይፈጠራል። አሲዱ በደም ውስጥ ሲበዛ እንደ መርፌ የሾሉ ቅንጣቶች ሆኖ መገጣጠሚያ ላይ ይከማቻል። ቢራ በሁለት በኩል ይጎዳል፦ አሲዱን ይጨምራል፤ ኩላሊትም አሲዱን በደንብ እንዳያስወግድ ያደርጋል። ስለዚህ ዱለትን ከቢራ ጋር በፍጹም አይድገሙት። ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥም ቢቀር ይሻላል።

ሽሮና ምስርን ግን አይፍሩ። ፒዩሪን ቢኖራቸውም እንደ ሥጋ ሪህን እንደማያስነሱ በጥናት ታይቷል። በዚህ ወሬ የተነሳ ጥራጥሬ ትቶ ወደ ሥጋ የሚዞር ሕመምተኛ ሳይ አዝናለሁ።

ምግብ ማስተካከል ብቻውን አሲዱን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ ሕመሙ ከተመላለሰ መድኃኒት ያስፈልግዎታል። የደም ግፊት ክኒን የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ አንዳንዱ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል። ከእብጠቱ ጋር ትኩሳት ካለዎት ግን የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ይታዩ።